የሚስስ ዶሪን የእሁድ ምሳ

ኤርጎጌ አንዲት ክፍል ተከራይታ በምትኖርበት በሚስስ ዶሪን ቤት፣ ወጥ ቤት ቆማ ቀይ ጄሊ በፍል ውሃ ስትበጠብጥ ከዋናው በር ውጭ የባሏን ድምፅ ሰማች። ሲላስ በሚያውቃት ጥቂት እንግሊዝኛ «ችግር የለም አለቃ፤ እኔ እረዳዎታለሁ» ይላል። ማንኪያውን አቆመች። የሚያናግረው የሚስስ ዶሪን አንድያ ልጅ ማርቲን ነው። እሁድ ጠዋት፣ ገና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ አራት ፎቅ በእግሩ ወጥቶ የእናቱን በር ሳያንኳኳ ደረጃው ላይ ቆሞ ይንሾካሾካል። ሚስስ ዶሪን ዛሬ ሰማንያ ሁለት ዓመት ስለሞላቸው ልጃቸው ቤት ምሳ የሚጋበዙ ነው የሚመስላቸው። ማርቲን ለሲላስ የሚነግረው ግን ሌላ ነው፤ መኪናው በቀጥታ የሚሄደው ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ የአረጋውያን መኖሪያ ነው፣ አልጋ ተይዟል፣ ወረቀቱም አልቋል። ሊፍቱ ከቆመ አራት ዓመት አልፎታል፤ በዚያ ጠባብ ደረጃ አሮጊት ተሸክሞ የሚያወርድ የለም። ስለዚህ በገዛ እግራቸው መውረድ አለባቸው፤ በገዛ እግራቸው የሚወርዱት ደግሞ ምሳ ከተባሉ ብቻ ነው። «ካወቀች ከዚያ ወንበር የሚያነሳት የለም» አለ ማርቲን። ቀጥሎ የኤርጎጌን ስም ጠራ። ሻንጣውን እሷ ታዘጋጀው፣ የእናቴን ዕቃ ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም፣ አለ።

ሲላስ ተመልሶ ሲገባ በሩን ያለወትሮው ቀስ አድርጎ ዘጋው። ኤርጎጌ ጀርባዋን ሰጥታው ጄሊውን ወደ ጎድጓዳው የብርጭቆ ሳህን ትገለብጣለች። መስማቷ ገባው። እሷ የሆሳዕና፣ እሱ የዱራሜ ልጅ ናቸው፤ የእናት ቋንቋቸው ስለማይገጥም ፍቅራቸውም ጠባቸውም በአማርኛ ነው፣ ሲጣሉም ሁለቱንም ቃል ስለሚያጥራቸው ጠቡ ቶሎ ያልቃል። ዛሬ ግን ሲላስ ቃሉን ደረጃው ላይ አዘጋጅቶ ነበር የገባው። የእናትና የልጅ ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን ጥልቅ አደረገን፣ አለ። ማርቲን ቃል ገብቷል፤ እናቱ ከወጡ ሙሉውን ቤት ይለቅላቸዋል፣ ያውም አሁን ለአንዲት ክፍል በሚከፍሉት ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ራንድ። ሁለት መኝታ ቤት፣ ሳሎን፣ የራስ ወጥ ቤት፣ በቤሪያ ሰፈር በዚህ ዋጋ ማን አግኝቶ ያውቃል? ኤርጎጌ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ካቻምና ጻካኔ በሚባል ሰፈር ሲላስ በሚሠራበት ሱቅ ውስጥ፣ ከዘይትና ከዱቄት መደርደሪያው ጀርባ ፍራሽ ዘርግተው ይኖሩ ነበር፤ አንድ ቀን ዘራፊዎች በሩን በመጥረቢያ ሲሰብሩት እሷ ባንኮኒው ሥር ተኝታ ትንፋሿን ይዛ ቆየች። ከዚያ ወዲህ መንገድ ዳር ባለ ቤት መተኛት አልቻለችም። ይህ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሁለት የብረት በር አለው። ሲላስ ይህን ሁሉ ስለሚያውቅ ሁሉንም መናገር አላስፈለገውም።

«ውሸት ተናገሪ አላልኩሽም» አላት። «ዝም በይ ነው ያልኩሽ።»

ሚስስ ዶሪን መታጠቢያ ቤት ነበሩ። እሁድ እሁድ ገንዳው ውስጥ አንድ ሰዓት ይቆያሉ፤ ሲያንጎራጉሩም ይሰማል። ኤርጎጌ እጇን በሽርጧ አድርቃ ወደ መኝታ ቤታቸው ሄደች። በዚህ ቤት ዘመኑ የቆመው የፈረንጆቹ 1986 ላይ ነው። በዚያ ዓመት ሚስስ ዶሪን ከእንግሊዝ አገር፣ ሀል ከምትባል የወደብ ከተማ፣ ከባላቸውና ከአሥር ዓመት ልጃቸው ጋር ሲመጡ፣ ቤታቸውን ከነሥሩ ነቅለው እዚህ የተከሉት ይመስላል። ቡናማና ብርቱካናማ ክብ ክብ ያለበት ምንጣፍ አለ፤ ግድግዳው ላይ ተከታትለው የሚበርሩ ሦስት የሸክላ ዳክዬዎች አሉ፤ የከሰል ፍም የሚመስል ፕላስቲክ ውስጡ የሚበራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለ። የእንጨት ሳጥን ያለው ቴሌቪዥን ከተበላሸ ሃያ ዓመት ቢሆነውም በየሳምንቱ አቧራው ይጠረጋል። ውጭ ያለው ቤሪያ ተለውጧል፤ ነጮቹ ጎረቤቶች አንድ በአንድ ሄደው አልቀዋል፣ ከፎቁ ሥር የተጠበሰ በቆሎና የስልክ ካርድ ይቸረቸራል፣ የደረጃው ልጆች ሚስስ ዶሪንን በዙሉ ቋንቋ «ጎጎ»፣ አያቴ፣ ይሏቸዋል። ውስጡ ግን ሰኞ በቲማቲም የተቀቀለ የጣሳ ባቄላ በተጠበሰ ዳቦ ላይ፣ ረቡዕ የድንች ገንፎ የተደፋበት የተፈጨ ሥጋ፣ ዓርብ እንደ ጣት የተቆረጠ ጥብስ ዓሣ ከአተር ጋር ነው። ኤርጎጌ ሁሉንም ከእሳቸው ተምራለች። አንድ ረቡዕ ከድንቹ ሥር ባለው ሥጋ ላይ በድብቅ ሚጥሚጣ ብትነሰንስበት፣ ሚስስ ዶሪን እንባቸው እየወረደ ሁለት ጊዜ አስጨመሩ፤ ከዚያ ወዲህ ረቡዕ ያለ ሚጥሚጣ አልፎ አያውቅም።

ሻንጣው ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ነበር፤ ቡናማ፣ ማዕዘኖቹ በብረት የተያዙ፣ ከሀል የመጡበት። ወንበር ላይ ወጥታ ስታወርደው፣ የነበረበት ቦታ አቧራ ያልነካው አራት ማዕዘን ሆኖ ቀረ። ሦስት ሹራብ፣ አራት የሌሊት ልብስ፣ ወፍራም ካልሲ፣ የደም ግፊት ክኒን። የባላቸውን ፎቶ ከራስጌ አነሳችና ሲወጡ እንደሚያስተውሉት ትዝ ሲላት መለሰችው። ያለዚህ ፎቶ እንዴት እንቅልፍ ይወስዳቸዋል ብላ እንደገና አነሳችው። ገንዳው ውሃውን ሲያንቆረቁር ስትሰማ ራስጌው ላይ መልሳ ተወችውና ሻንጣውን ዘጋች። ሲላስ ተቀብሏት ማርቲን እስኪመለስ ከፎቁ ሥር በቆሎ ሻጯ ዘንድ ሊያቆየው በጣቱ ጫፍ እየረገጠ ወጣ። አራቱን ፎቅ ሲወርድ፣ እሷ የእያንዳንዱን ደረጃ ድምፅ ቆጠረች።

«ሰማያዊውን» አሉ ሚስስ ዶሪን በፎጣ ተጠቅልለው አልጋው ጠርዝ ላይ ሲቀመጡ። ሰማያዊው ቀሚስ በላስቲክ ተሸፍኖ የሚሰቀል፣ ትከሻው ላይ እንደ ትንሽ ትራስ ስፖንጅ የተሰፋበት፣ አንገቱ ላይ ትልቅ የጨርቅ ቋጠሮ ያለው ነው። ድሮ ልካቸው ነበር፤ አሁን ቀሚሱ እንዳለ ቀርቶ ገላቸው ሸሽቷል። ኤርጎጌ ከጀርባቸው በመርፌ ቁልፍ ሰብሰብ አደረገችላቸው። በእሳቸው ጊዜ እንዲህ ዓይነት ትከሻ ይዛ የገባች ሴት ወንበር አትለምንም፣ ወንበሩ ራሱ ይነሳላት ነበር፣ አሉና በራሳቸው ቀልድ ሳቁ። ፀጉራቸውን በመጠቅለያ ስትጠቀልል፣ ስትፈታ፣ እስኪያስነጥሳት ሽቶ ሽቶ የሚል ማጠንከሪያ ስትነፋበት፣ ኤርጎጌ አንድ ጊዜም ከቁም ሳጥኑ ፊት ፈቀቅ አላለችም። ዓይናቸው ወደ ላይ በተነሳ ቁጥር አንገቷን አብራ ታነሳለች። ሚስስ ዶሪን በመስታወቱ አይተዋት፣ «ዛሬ ምን ሆነሻል ላቭ፣ እንደ ወታደር ቆመሻል» አሏት። ሁሉንም ሴት «ላቭ»፣ ፍቅሬ፣ ነው የሚሉት፤ ኤርጎጌ መጀመሪያ ስሟን የረሱት መስሏት ነበር። ወገቤን አመመኝ አለች። ያ የመጀመሪያው ውሸት ነበር።

አራት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። የሰፈሩ ተራ ነበር፤ እስከ ስድስት ሰዓት አይመለስም። ማቀዝቀዣው ተንገጫግጮ ዝም አለ፤ ቤቱም ዝም አለ። ጄሊው ገና ውሃ ነው። ሚስስ ዶሪን ግን መብራት ሲጠፋ አይደነግጡም። ሀል እያሉ ቤታቸው ያለው የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ሳንቲም የሚጎርስ ነበር፤ ባላቸው ከወደቡ ሥራ በተቀነሰበት ክረምት ሳንቲሟ ስታልቅ ቤቱ ይጨልማል፣ ሦስቱም አንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ይገባሉ፣ እሳቸው በጨለማ እየዳበሱ ዳቦ ላይ ቅባት ይቀባሉ። ማርቲን ያኔ መብራት የሚሄደው በሁሉም ሰው ቤት ይመስለው ነበር፤ እኛም እንደዚያ ነበር የነገርነው፣ አሉ። «ለልጅ የሚዋሽ ውሸት አለ» አሉ። ሳንቲም ካለቀበት አገር ሁለት ሻንጣ ይዘው ወጡ፤ ሰው እንዴት አገሩን ይተዋል የሚል ሲመጣባቸው አይወዱም። ኤርጎጌን የተቀበሏትም ለዚያ ሳይሆን አይቀርም።

ደረታቸው ላይ የብር ጌጡን ስትሰካላቸው፣ «ያቺ አክስትሽ ዓይኗ ዳነላት?» ብለው ጠየቁ። ኤርጎጌ መርፌው ጣቷን ወጋት። አክስቷ አለምወርቅ ዓምና ለዓይን ሕክምና መጥተው በዚህ ቤት አንድ ወር ከርመው ነበር። የተመለሱ ዕለት፣ ከእንግዲህ ወዲህ እንደማይመጡ ሁሉም ያውቃል፣ ኤርጎጌ በሩ ላይ ተንበርክካ ሁለት መዳፏን ዘረጋች፤ አክስቷም መዳፏ ላይ እንትፍ ብለው ረጅም ምርቃት መረቁ። ሚስስ ዶሪን ከወንበራቸው ሆነው ሲያዩ ቆይተው ምን እንደሆነ ጠየቁ። በእኛ አገር ትልቅ ሰው ላይመለስ ከቤት ሲወጣ ሳይመርቅ አይለቀቅም፣ ሳይመርቅ ከወጣ ቤቱ ባዶ ይቀራል፣ ብላ ነገረቻቸው። ለገበያ ለሐኪም አይደረግም፣ ለመጨረሻው መውጣት ብቻ ነው። ሚስስ ዶሪን ሳቁና፣ ለእኔም ትንበረከኪያለሽ ወይ አሏት። «እርስዎ ደግሞ የት ይሄዳሉ?» ነበር ያለቻቸው።

«ደህና ናቸው ማማ» አለች አሁን፣ ጣቷን እየመጠጠች። «አይተው ያነባሉ።»

ወጥ ቤት ስትመለስ ሲላስ ሰዓቱን እያየ ነው። ኤርጎጌ በወተት የተመታውን ቢጫ ካስተርድ በማንኪያ በጄሊው ላይ ለማንጠፍ ሞከረች፤ ታቹ ስላልረጋ ቢጫው እየሰመጠ ቀዩን አደፈረሰው። ይህ ትራይፍል የሚባለው ጣፋጭ ነው፤ ከታች ኬክ፣ ከዚያ ጄሊ፣ ከዚያ ካስተርድ፣ ከላይ ክሬም፤ ሚስስ ዶሪን ባዶ እጄን ልጄ ቤት አልሄድም ስላሉ የሚሠራ። የማይበላ ምግብ ነው፤ እሷ ግን በማንኪያው ጀርባ ጠርዙን አስተካከለች። ሲላስን ቀስ ብላ፣ እናትህ ቢሆኑስ አለችው። እናቴን ማንም ከቤቷ አያስወጣትም፣ ቤቷ የራሷ ነው፣ አለ። ይህ ግን የልጃቸው ቤት ነው፣ የገዛው እሱ ነው፣ አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እኔ ካልረዳሁት ሌላ ሰው ይረዳዋል፣ እኛም አብረን እንወጣለን፣ ወዴት ልውሰድሽ፣ ወደ ጻካኔ ልመልስሽ፣ አላት። ሲላስ ክፉ ሰው አይደለም። የዚህን ካስተርድ ዱቄት ቅዳሜ ከሱቁ ተሸክሞ ያመጣው እሱ ነው። ኤርጎጌን ግን ከጠዋት ጀምሮ ሌላ ነገር ሲከነክናት ነበር። ትልቅ ሰው አስወጥተው፣ ሳይመረቁ፣ በዚያ ሰው አልጋ ላይ ሊወልዱ ነው። ቤቱን ትፈልገዋለች፤ መዋሸት አያስፈልግም፣ ትፈልገዋለች። ግን ምርቃቱንም ትፈልጋለች። ሁለቱንም።

ማርቲን ስድስት ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው መጣ፤ አሁን በሩን አንኳኳ። ቢጫ አበባ ይዟል። እናቱ ሻይ አሉት፣ መብራት የለም አለ። ተቀመጥ አሉት፣ መኪናው ጥሩ ቦታ አልቆመም አለ። አበባውን የት እንደሚያኖረው ጨንቆት ከእጅ ወደ እጅ ሲያዘዋውር ኤርጎጌ ተቀበለችው። የሃምሳ ዓመት ሰው ነው፣ ግን ምንጣፉ ላይ ሲቆም ጫማውን አውልቅ የተባለ ልጅ ይመስላል። እናትና ልጅ ዳክዬዎቹን፣ መስኮቱን፣ ማሞቂያውን ያያሉ እንጂ አይተያዩም። በመጨረሻ ማርቲን፣ ቀሚሱን አስታውሰዋለሁ፣ ያምርብሻል፣ አለ።

«ታስታውሰዋለህ እንዴ?» አሉ ሚስስ ዶሪን። «በዚህ ቀሚስ ነው አገሬን የለቀቅኩት። አውሮፕላን ውስጥ ጭኔ ላይ ተኝተህ እዚህ ጋ ምራቅህ ፈሶበት ነበር።»

ማርቲን ዓይኑ ደረታቸው ላይ ካለው ጌጥ ሳይነሳ ቆየ። ኤርጎጌ አሁን ይናገራል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ሰዓቱን አየና፣ እንሂድ እማዬ፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል፣ አለ።

ሚስስ ዶሪን ቦርሳቸውን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው የትራይፍሉን ሳህን በሁለት እጃቸው አቀፉት፤ እስከ ደረጃው ድረስ ለማንም አልሰጥም አሉ። ማርቲን ቀድሞ ወጥቶ ሁለት ደረጃ ወርዶ እጁን ዘርግቶ ቆመ። ሲላስ ሳህኑን ሊቀበል በሩ አጠገብ ተጠጋ። ኤርጎጌ የብረቱን በር እንደያዘች የእግራቸውን ጫፍ ታያለች። ጥቁር ጫማቸውን ጠዋት እሷ ራሷ ነበረች የወለወለችው። አንዱ ጫማ ከውስጥ ሆኖ ሌላው ከደፉ በላይ ተነሳ። ዓምና የነገርኳቸውን ረስተውት ይሆናል አለች በሆዷ፤ አርጅተዋል፣ ሲስቁ ነበር፣ ረስተውታል። ለሆዴ ልጅ ብቻ አንድ ቃል፣ ከዚያ ይሂዱ። እንዲህ እያለች ጉልበቷ መሬት ነክቶ፣ ሁለት መዳፏ ተዘርግቶ አገኘችው።

«ማማ» አለች፣ «ይመርቁኝ።»

የተነሳው እግር ሳያልፍ ተመልሶ አረፈ። ማርቲን ሳህኑን የጠየቀች መስሎት፣ ስጫት እማዬ፣ አለ። ሚስስ ዶሪን አልሰሙትም። መዳፎቿን አዩ፤ ሆዷን አዩ፤ ወለሉን የሚያየውን ሲላስን አዩ። ቀጥሎ ዘወር ብለው በተከፈተው መኝታ ቤት በር በኩል ወደ ቁም ሳጥኑ አናት ረጅም ጊዜ አዩ።

«የት ይሄዳሉ ብለሽኝ ነበር እኮ» አሉ በቀስታ። «የት ነው የምሄደው፣ ላቭ?»

«ምሳ ነው እማዬ፤ ነገርኩሽ» አለ ማርቲን።

«አንተን አልጠየቅኩም።»

የኤርጎጌ ከንፈር አልተንቀሳቀሰም፤ መዳፏንም አልመለሰችም። ሚስስ ዶሪን ጎንበስ ብለው ሳህኑን መዳፏ ላይ አስቀመጡት። ከባድ ነበር።

«አልረጋም» አሉ። «ማቀዝቀዣው ውስጥ መልሺው።»

ተመልሰውም ገቡ። በእነዚያ ትከሻዎች፣ ማንንም ሳይደገፉ፣ ምንጣፉን አቋርጠው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ማርቲን ሁለቱን ደረጃ ወጣ። ፊቱ እስከ ጆሮው ቀልቷል። ኤርጎጌን አላያትም፤ ለሲላስ ብቻ፣ ጥርሱን ገጥሞ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ክፍሉን ልቀቁልኝ፣ አለው። ሲላስ «እሺ አለቃ» አለ። ከውስጥ የሚስስ ዶሪን ድምፅ መጣ፤ ማርቲን፣ ወይ ግባ ወይ ውጣ፣ በሩ ግን ይዘጋ፣ ብርድ ይገባል። ማርቲን እጁን ብረቱ ላይ አድርጎ ቆየ። ከዚያ ገባና ጃኬቱን ሳያወልቅ ከእናቱ ፊት ለፊት ባለው ወንበር ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

ሲላስ ወጥ ቤት ድረስ ተከትሏት መጣ። ፊቱ ላይ ያለው ቁጣ ብቻ አልነበረም፤ ጻካኔ በሩ የተሰበረ ዕለት ሲገባ የነበረው ፊት ነው።

«ዝም በይ አልኩሽ» አላት።

«ዝም ነው ያልኩት» አለች።

ሳህኑን ማቀዝቀዣው ውስጥ አስገባች። በሩን ስትዘጋው መብራት መጣ፤ ማቀዝቀዣው ተንፈራፍሮ ማጉረምረም ጀመረ፣ ሳሎን ውስጥም የፕላስቲኩ ፍም ቀላ። ሲላስ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ከዛሬ ጀምሮ እስከ ወሩ መጨረሻ ሃያ አንድ ቀን አለ፤ እሱም እሷም ሳይነጋገሩ አስበውታል። ኤርጎጌ ከመደርደሪያው ሳህን ታወርድ ጀመር፤ አበባ የታተመባቸውን፣ የእሁዶቹን።

«ሻንጣውን አምጣው» አለችው፣ ሳትዞር።

ቆይቶ፣ የብረቱ በር ሲከፈት ሰማች፤ ከዚያ የሲላስ እግር እየወረደ፣ እየራቀ፣ ጠፋ። ሦስት ሳህን ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። አራተኛውን በእጇ ይዛ ጆሮዋን ወደ ደረጃው አድርጋ ቆመች፤ ከታች የበቆሎ ሻጯ ሳቅ፣ የታክሲ ጥሩምባ፣ የልጆች ሩጫ ይሰማል። ብዙ ቆየ። ከዚያ ከሥር፣ ከመጀመሪያው ፎቅ፣ የእግር ድምፅ ተነሳ፤ ቀስ ያለ፣ በየደረጃው እያረፈ የሚወጣ፣ በየእርምጃው የብረት ማዕዘን ግድግዳውን የሚመታ። አራተኛውን ሳህን አስቀመጠችው።